ከብርሃኑ ማተሚያ በፊት የቢቱ ጥርስ ይሳል

ነገሌ ቦረና በአንድ የተበላሸ ፓምፕ የተነሳ ስሟ በአገር ታሪክ የተመዘገበ ከተማ ናት። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈሩት ወታደሮች የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶባቸው ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዲቀዱ ቢጠይቁ ተከለከሉ። የሚቀርብላቸው ምግብም የማይረባ ነበር። በዚህ የተነሳ አምፀው መኮንኖቻቸውን አሰሩ። ነገሩን እንዲያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም ይዘው ያንኑ ምግብና ያንኑ ውሃ አቀመሷቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቀዋል። የፓምፑ መለዋወጫ በጊዜው ቢደርስ ኖሮ አብዮቱ ይቀር ነበር የሚል የለም። ይሁን እንጂ በቆላው አገር መለዋወጫ ማለት መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ የነጋዴ ዕቃ ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ይህ ከሆነ ከ50 ዓመት በላይ አልፏል። ከነገሌ እስከ ያቤሎ፣ ከሻኪሶ እስከ ሞያሌ፣ ከፊልቱ እስከ ዶሎ ኦዶ የውሃ ጉዳይ ዛሬም የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። የተለወጠው ጉድጓዱ ነው። የቦረና ሕዝብ በእጁ ቆፍሮ፣ ሰው በሰው ላይ ተደርድሮ በዜማ የሚቀዳባቸው ኤላዎች ዛሬም አሉ። በድርቅ ጊዜ ግን የሁሉም ዓይን የሚያርፈው በሪግ በሚቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ ላይ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተከታታይ 5 የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ የታየውም ይኸው ነው። ከብት በየመንገዱ ሲወድቅ ሪጉ ቆሞ የሚጠብቀው አንዳንድ ጊዜ ነዳጅ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በጭብጥ የሚያዝ የብረት ጥርስ ነበር።

በዚህ መሀል በመለዋወጫ ንግድ ዙሪያ አዲስ ወሬ መሰማት ጀምሯል። «ስሪዲ ማተሚያ አስገቡ፣ ጥርሱንም ቢቱንም እዚያው ነገሌ እያተማችሁ ሽጡ፣ ከኤልሲና ከጅቡቲ ወረፋ ተገላገሉ» የሚል ነው። ወሬው ለጆሮ ይጥማል። የውጭ ምንዛሪ ችግር ያንገሸገሸው ነጋዴ ይህን ሲሰማ ልቡ ቢነሳሳ አይፈረድበትም። ነገር ግን ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ማሽኑ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ጥርሱ ከምን ይሠራል?

ከነገሌ ወደ ሻኪሶና ወደ ክብረ መንግሥት የሚወስደው አገር ከሥሩ ጥንታዊ ጠንካራ ድንጋይ ነው። ግራናይትና መሰሎቹ ናቸው። በስተምሥራቅ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ ሲወረድ ደግሞ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ይመጣል። በሜጋና በዱብሉቅ አካባቢ ከእሳተ ገሞራ የወጣው ጥቁር ድንጋይ አለ። ለስላሳውን አፈር የሚቆፍረው ሌላ ነው። በግራናይት ላይ ግን የሚሠራው በአየር ግፊት የሚቀጠቅጥ ሃመር ነው። ኮምፕሬሰሩ አየር ይልካል፣ ሃመሩ ከጉድጓዱ ሥር ሆኖ ይመታል፣ በጫፉ ያለው ቢት ድንጋዩን ያደቅቃል። ቢቱ ራሱ ብረት ነው። ድንጋዩን የሚነካው ግን በብረቱ ላይ በግፊት የተተከለው ክብ የካርባይድ ጥርስ ነው።

ካርባይዱ ንጹህ ብረት አይደለም፣ ንጹህ ሸክላም አይደለም። የሁለቱ ድብልቅ ነው። ተንግስተንና ካርቦን ተዋህደው የሚሰጡት እንደ ሸክላ ደረቅና እጅግ ጠንካራ ቅንጣት አለ። ይህ ቅንጣት ለብቻው ቢመታ ይሰባበራል። ስለዚህ በኮባልት ይታሰራል። ቅንጣቱ እንደ ጠጠር፣ ኮባልቱ እንደ ሲሚንቶ ነው ማለት ይቻላል። ለድንጋይ ቁፋሮ በሚሠራው ጥርስ ውስጥ ኮባልቱ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 በመቶ ይሆናል። ኮባልቱ ሲበዛ ጥርሱ ምት ይችላል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ሲያንስ ደግሞ አያልቅም፣ ግን ይሰነጠቃል። ሙያው ሚዛኑን መጠበቅ ነው።

ይህ ዕቃ በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1923 የተገኘ ሲሆን፣ ክሩፕ የተባለው ኩባንያ «ዊዲያ» ብሎ ለገበያ አውጥቶታል፤ እንደ አልማዝ ማለት ነው። አሠራሩ ከዚያን ጊዜ ወዲህ በመሠረቱ አልተለወጠም። ዱቄቱ ይደባለቃል፣ በቅርጽ ማውጫ ይጨመቃል፣ ከዚያ አየር በሌለበት ምድጃ ውስጥ 1,400 ዲግሪ ገደማ ይጋገራል። በዚያ ሙቀት ኮባልቱ ይቀልጥና ቅንጣቶቹን ያያይዛል።

ብርሃኑ ምን ያደርጋል?

አሁን በዓለም ላይ የሚሞከረው ይህንኑ ድብልቅ ያለ ቅርጽ ማውጫ በብርሃን ኃይል ንብርብር በንብርብር መሥራት ነው። መንገዶቹ ከአንድ በላይ ናቸው፤ ነጋዴው ሦስቱን ቢለያቸው ይበቃዋል።

የመጀመሪያው ዱቄቱን በብርሃን ከሚጠነክር ፈሳሽ ጋር ማደባለቅ ነው። የጥርስ ሐኪም የሞላውን ጥርስ በሰማያዊ መብራት እንደሚያደርቀው ማለት ነው። መብራቱ ባረፈበት ቦታ ፈሳሹ ይደርቃል፣ ንብርብሩ ይሠራል፣ ቀጥሎ ሌላ ይደረብበታል። ለነጭ የሸክላ ዱቄት ይህ በደንብ ይሠራል። የካርባይድ ዱቄት ግን ጥቁር ግራጫ ነው። ጥቁር ነገር ብርሃንን ይውጣል፤ መብራቱ ወደ ውስጥ ሳይገባ ከላይ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ንብርብሩ እጅግ ስስ ይሆናል፣ ሥራውም ይንቀራፈፋል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ብርሃን የሚያሳልፍ የተንግስተን ኦክሳይድ ዱቄት አትመው በኋላ በምድጃ ውስጥ ወደ ካርባይድ ለመለወጥ የሚሞክሩት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው በሌዘር ጨረር ዱቄቱን በቀጥታ ማቅለጥ ነው። እዚህ ላይ ችግሩ ከሁለቱ ነገሮች ጠባይ ይመጣል። ኮባልት በ1,495 ዲግሪ ይቀልጣል። የተንግስተን ካርባይድ ግን እስከ 2,800 ዲግሪ ገደማ አይበገርም። እዚያ ሙቀት ሲደረስ ኮባልቱ ሊፈላ ተቃርቧል። ስለዚህ ሌዘሩ ጠጠሩን እቀልጣለሁ ሲል ሲሚንቶው ይተናል። ካርቦኑም ይነሳል። የሚቀረው ውስጡ ቀዳዳ፣ ላዩ ስንጥቅ፣ ጠባዩ ተሰባሪ የሆነ ቁራጭ ነው። ሦስተኛው መንገድ ይህን ለማምለጥ የታሰበ ነው። ሙቀቱን ልክ በመያዝ ኮባልቱ ብቻ እንዲለሰልስና እንዲያይዝ፣ ጠጠሩ ግን እንዳለ እንዲቀር ማድረግ ነው። ተስፋ የሚሰጥ ሥራ ነው። በሌላ ብረት ላይ ጠንካራ ልባስ ለመደረብም ይሆናል። ሆኖም ገና ከቤተ ሙከራ ወደ ፋብሪካ በመሸጋገር ላይ ያለ ነገር ነው።

በአንጻሩ እንደ ሳንድቪክና ኬናሜታል ያሉት ታላላቅ የካርባይድ ኩባንያዎች የታተመ ካርባይድ ለገበያ ሲያቀርቡ በአብዛኛው የተጠቀሙት ብርሃኑን ሳይሆን ዱቄቱን በሙጫ እያያዙ የሚያትሙበትን ዘዴ ነው። እነዚህ ኩባንያዎች የሌዘር ማሽን መግዣ አጥተው አይደለም። ኪሳቸው የሞላ ሰዎች የመረጡት መንገድ ኪሱ ለሳሳው ነጋዴ ምክር ሊሆነው ይገባል።

ማተሚያው ያለ ምድጃ ምንድነው?

ማሽን አሻሻጮች ጮክ ብለው የማይናገሩት አንድ ነገር አለ። ዱቄቱን በደረቀ ፈሳሽም ሆነ በሙጫ የሚያይዝ ማተሚያ የሚያወጣው ካርባይድ አይደለም። በእጅ ቢጨመቅ የሚፈርስ የዱቄት ቅርጽ ነው። ማሰሪያው ቀስ ተብሎ ይቃጠላል፣ ከዚያ ቅርጹ 1,400 ዲግሪ ወደሚደርሰው ምድጃ ይገባል። እዚያም በየጎኑ 20 በመቶ ያህል ይኮማተራል። 10 ሚሊ ሜትር ጥርስ ለማግኘት 12 ሚሊ ሜትር ተኩል ማተም ያስፈልጋል ማለት ነው። መኮማተሩ በሁሉም ጎን እኩል ካልሆነ ጥርሱ ከቢቱ ቀዳዳ ጋር አይገጥምም። በትንሹ የላላ ጥርስ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሌላውን ጥርስ ይሰብራል።

ምድጃው አየር መጥለቂያ ፓምፕ፣ ንጹህ ጋዝና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። መብራት በመሀል ቢጠፋ የገባው ሁሉ ይበላሻል። 254 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ በጥር 2012 ዓ.ም. በዚሁ አካባቢ ተመርቋል። ነገር ግን ግድብ ለከተማ ቅርብ መሆኑ ብቻውን ለምድጃው ዋስትና አይሰጠውም፤ ምድጃው የሚፈልገው ሰዓት ሳይዛነፍ የሚደርሰውን ኃይል ነው።

ዱቄቱስ? እሱም ከውጭ ይመጣል። የዓለምን የተንግስተን ማዕድን ከአምስት እጅ አራቱን ያህል የምታወጣው ቻይና ናት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ቻይና በተንግስተን ምርቶች ላይ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ጣለች። በዚያው ወር ከዓለም ኮባልት አብዛኛውን የምታመርተው ዴሞክራቲክ ኮንጎ ኮባልት ወደ ውጭ እንዳይላክ አገደች፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ደግሞ እገዳውን በኮታ ተካችው። ስለዚህ ጥርስ ማስመጣት የከበደው ነጋዴ ዱቄት ማስመጣት ይቀልለኛል ካለ ተሳስቷል። ኤልሲው ያው ኤልሲ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲተመን ሲደረግ 58 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ130 ብር በላይ ወጥቷል። በዶላር የተገዛ ማሽን በዶላር የሚገዛ ዱቄት እየበላ በብር ሲሸጥ የሚከስረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሒሳብ አዋቂ መሆን አያሻም። እህል ሳይዘሩ ወፍጮ መትከል ይሉታል ይህ ነው።

ከሁሉም በላይ የቢት ጥርስ ክብና ቀላል ቅርጽ ነው። መጭመቂያው በአንድ ቀን እልፍ ያወጣል። ማተሚያ የሚያዋጣው መጭመቂያ የማይሠራውን ውስብስብ ቅርጽ፣ ወይም በጥቂት ቁጥር ብቻ የሚፈለገውን ዕቃ ለመሥራት ነው። ክብ ጥርስ ለማተም ስሪዲ ማሽን መግዛት ለእንጀራ መጋገሪያ የወርቅ ምጣድ እንደ ማሠራት ነው።

ገንዘቡ ያለው ከወዴት ነው?

ይህ ሁሉ ሲባል ነጋዴው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። በዚሁ በካርባይድ ዙሪያ ዛሬ ሊሠራ የሚችል፣ ካፒታሉም ከማተሚያው ጋር የማይወዳደር ሥራ አለ። ይኸውም መሳል ነው።

የቢት ጥርስ ሲሠራ ክብ ጫፉ ይላጭና ጠፍጣፋ ይሆናል። የጠፍጣፋው ስፋት የጥርሱን ውፍረት ሲሶ ሲያክል ቢቱ ወጥቶ መሳል እንዳለበት አምራቾች ይመክራሉ። ከዚያ ካለፈ ጥርሱ ድንጋዩን መስበሩን ትቶ መፈተግ ይጀምራል። ላዩ እንደ እባብ ቆዳ በጥቃቅን ስንጥቅ ይሸፈናል፤ ከዚያም ይሰበራል። ቁፋሮው ይዘገያል፣ ነዳጁ በከንቱ ይነዳል። የዳር ጥርሶች ሲያልቁ ደግሞ ጉድጓዱ ይጠብና ቀጥሎ የሚገባው አዲስ ቢት ይቀረቀራል። ብዙ ሪግ ላይ ቢት የሚለወጠው ግን እስከ መጨረሻው ተሠርቶበት፣ ጥርሱ ከረገፈ በኋላ ነው።

በአልማዝ የተለበጠ መሳያ ያለው ትንሽ ግራይንደር ይህንን ጥርስ ወደ ክብነቱ ይመልሰዋል። ለስሌት ያህል ብቻ፣ አንድ ቢት ሳይሳል 300 ሜትር፣ እየተሳለ 600 ሜትር ይሄዳል እንበል። 1,200 ሜትር ለመቆፈር በመጀመሪያው መንገድ 4 ቢት፣ በሁለተኛው 2 ቢት ይበቃል። ቁጥሩ እንደ ድንጋዩና እንደ ኦፕሬተሩ ይለያያል፤ መርሁ ግን አይለወጥም። በሁለቱ ቢት ምክንያት የተረፈው የውጭ ምንዛሪ ከየትኛውም ባንክ ያልተለመነ ምንዛሪ ነው።

ይህን ሥራ ነገሌ፣ ሻኪሶ ወይም ያቤሎ ላይ ያለ አንድ ቶርኖ ቤት ሊጀምረው ይችላል። ደንበኞቹ የውሃ ቁፋሮ ተቋራጮች ብቻ አይደሉም። በለገ ደምቢና በአካባቢው የወርቅ ማዕድን የሚሠሩ፣ ለመንገድ ድንጋይ የሚያወጡ፣ ካባ የሚቆፍሩ ሁሉ ያንኑ ጥርስ ያረጃሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የካርባይድ ብናኝ ከኮባልቱ ጋር ሆኖ ሳንባ ይጎዳል። በውሃ እያረጠቡ መሳልና አፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ግዴታ ነው። ሥራ ፍለጋ የመጣው ወጣት በሁለት ዓመት ውስጥ ሳል ይዞ እንዲመለስ የሚያደርግ ንግድ ንግድ አይባልም።

ቆራሌው የሚረግጠው ሀብት

ሁለተኛው ገበያ ያለቀው ጥርስ ራሱ ነው። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ ብረት በኪሎ ሲሰበስብ ያረጀ ቢትም አብሮ ይገባል፤ ዋጋው እንደ ማንኛውም ውዳቂ ብረት ይተመናል። ካርባይድ ግን ከብረት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ጣት የምታህል ጥርስ በእጅ ስትያዝ ክብደቷ ብቻ ማንነቷን ይናገራል። ከዓለም የተንግስተን አቅርቦት ሲሶ የሚሆነው እንዲህ ካለው ውዳቂ ተመልሶ የሚገኝ ነው። ከማቅለጫዎቹ ዘዴዎች አንዱ ውዳቂውን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ነክሮ ኮባልቱን ማላላት፣ ከዚያ ዚንኩን አትንኖ የሚቀረውን ዱቄት መሰብሰብ ነው። ዱቄቱም ተመልሶ ጥርስ ይሆናል።

የቻይና ቁጥጥር የተንግስተንን ዋጋ ወደ ላይ በገፋበት ጊዜ ይህን ውዳቂ ከተራ ብረት ጋር ቀላቅሎ ማቅለጥ ገንዘብ ማቃጠል ነው። አንድ አስተዋይ ነጋዴ ጥርሱን ከብረቱ አስለቅቆ፣ በዓይነት ለይቶ፣ አጠራቅሞ ለውጭ ገዢ ቢያቀርበው ወይም ከአቅራቢው ጋር በአዲስ ቢት ቢለዋወጥበት አቅም ያገኛል። ልዋጭ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ኅብረተሰቡ በአሮጌ ልብስ ሳህን ሲለውጥ ኖሯል፤ በአሮጌ ጥርስ አዲስ ጥርስ መለወጥ ምን ይከብደዋል?

ቀንጢቻን ማን ያስታውስ?

በዚህ ጉዳይ ላይ ነገሌና አካባቢዋ ተራ ሸማች ብቻ አይደሉም። ከሻኪሶ በስተደቡብ የሚገኘው የቀንጢቻ ማዕድን ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ታንታለም ሲያወጣ የነበረ ቦታ ነው። ታንታለም አብዛኛው የሚውለው ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ቢሆንም ከካርቦን ጋር ተዋህዶ ወደ ካርባይድ መቁረጫም ይገባል። ብረት ሲቆረጥ የሚፈጠረውን ግለት ጥርሱ እንዲቋቋም ይረዳዋል። የቀንጢቻ ማዕድን ግን የሚላከው ተጣርቶ ሳይሆን በጥሬው ነበር። በጥሬው የሄደው በየመቁረጫውና በየስልኩ ውስጥ ገብቶ፣ ዋጋው ስንት እጥፍ ሆኖ እንደገና በጅቡቲ በኩል ይገባል። ዛሬ ስለ ቀንጢቻ ሲወራ ሊቲየም ይነሳል። ሊቲየሙም በታንታለሙ መንገድ በጥሬው ከሄደ የአካባቢው ወጣት ዕጣ ያው ጭነት መኪና ሲያልፍ ማየት ይሆናል።

ስለዚህ ለማተሚያ የሚወጣ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ወደ ዕውቀት ይሂድ። በቡሌ ሆራም ሆነ በያቤሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። አዳማና አዲስ አበባ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች አሏቸው። ሰባቱ ሱቅ ሰባት ማተሚያ ከሚያስገቡ አንድ ተቋም አንድ ምድጃ፣ አንድ የጥንካሬ መለኪያና አንድ ማጉያ ይኑረው። ያን ጊዜ ነጋዴው ከውጭ ያስመጣው ጥርስ ሐሰተኛ መሆን አለመሆኑን የሚያስመረምርበት ቦታ ያገኛል። ዛሬ ግን በጨረታ «ርካሽ» ተብሎ የተገዛ ቢት ጥራቱ የሚታወቀው 80 ሜትር ላይ ሲሰበር ነው።

የሚቃወሙትም አሉ

«ይህ የፈሪ ምክር ነው» የሚሉ አይጠፉም። ኢትዮጵያ መደበኛውን የስልክ ገመድ በየቤቱ ሳትዘረጋ ወደ ሞባይል ዘላለች፤ በካርባይድም ለምን መጭመቂያውን ዘልላ ወደ ማተሚያው አትሄድም? ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሞባይሉ የዘለለው ገመዱን እንጂ ማማውን፣ መብራቱንና ባለሙያውን አይደለም። ማተሚያውም የሚዘልለው የቅርጽ ማውጫውን ብቻ ነው። ዱቄቱን፣ ምድጃውን፣ መሳያውንና መለኪያውን አይዘልም። እነዚህ አራቱ በሌሉበት የገባ ማተሚያ ላዩ በላስቲክ እንደተሸፈነ የሚያረጅ ዕቃ ይሆናል። እንዲህ ያለ ዕቃ ያለበት ግቢ ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

የእነዚህ ሰዎች ሐሳብ እውነት የሚሆንበት አንድ ቦታ ግን አለ። እሱም ፓምፑ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የሚሰምጠው ፓምፕ በዘንጉ ላይ ውሃና አሸዋ እንዳያልፍ የሚከለክሉ ቀለበቶች አሉት። በብዙዎቹ ላይ እነዚህ ቀለበቶች ከካርባይድ የተሠሩ ናቸው። የፓምፑ ዓይነት ብዙ፣ መጠኑም የተለያየ ነው። አንዳንዱ መሥራቱ ከተቋረጠ ቆይቷል። አንድ ቀለበት ጠፍቶ ሙሉ ፓምፕ ይጣላል። ጥቂት ቁጥር፣ ብዙ ዓይነት፣ አስቸኳይ ፍላጎት፤ ማተሚያ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ቴክኖሎጂው ሲበስል በቆላው አገር ቀድሞ ገበያ የሚያገኘው የቢት ጥርስ ሳይሆን የፓምፕ ቀለበት ይሆናል። ያኔም ቢሆን ቀለበቱ ከምድጃ ወጥቶ እንደ መስታወት ካልለሰለሰ ውሃ ያሳልፋል። የሚያለሰልሰው ደግሞ ዛሬ ጥርስ መሳል የለመደው እጅ ነው።

ምን ይደረግ?

የቁፋሮ ጨረታ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶችና የዕርዳታ ድርጅቶች በሜትር ሒሳብ ሲዋዋሉ ተቋራጩ ቢት የሚስልበት መሣሪያ እንዳለው ይጠይቁ። ሪግ ቆሞ በቦቴ ውሃ ማመላለስ ከየትኛውም ግራይንደር ይልቅ ውድ ነው። ጉምሩክ ያለቀ ካርባይድን ከተራ ውዳቂ ብረት ለይቶ ይመዝግብ። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የተከፈተው የሞያሌ የጋራ ድንበር ኬላ ለቁፋሮ መለዋወጫ ሕጋዊና ፈጣን በር እንዲሆን ነጋዴዎች በማኅበር ሆነው ይጠይቁ፤ መንገዱ ለኮንትሮባንድ ብቻ መመቸት የለበትም። ባንኮች ለማተሚያ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት ዱቄቱ ከወዴት እንደሚመጣ፣ ምድጃው የት እንዳለ ይጠይቁ።

በቦረና ባህል የኤላ ባለቤትነት የሚቆጠረው ቁፋሮውን ከጀመረው ሰው ነው፤ እሱም አባ ኮንፊ ይባላል። ጉድጓዱ ሲደረመስ የሚያስጠግነው፣ ለከብት ውሃ ሲጠፋ የሚጠየቀውም እሱ ወይም ወራሹ ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ውሃ ያገኘው ሰው መሣሪያ ከያዘ ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን ከጠበቀ ነው። ብርሃኑ ማተሚያ አንድ ቀን ነገሌ ይደርስ ይሆናል። በደረሰ ጊዜ የተሳለ ጥርስ፣ የተለየ ውዳቂ፣ የሠለጠነ እጅና የማይጠፋ መብራት ከጠበቀው ሥራ ያገኛል። ባዶ ሱቅ ከጠበቀው ግን ከ1966ቱ ፓምፕ የተለየ ዕጣ አይኖረውም፤ አንድ ነገር ይሰበራል፣ መለዋወጫው አይደርስም፣ የተጠማውም ሰው ትዕግሥቱ ያልቃል።